በጠርሙሱ የተረፈው

ፋንታነሽ መቀመጥ አይሆንላትም። ቢቸና ከብት ተራ ገመድ ስትሸጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ ያያት ሰው የለም። የቃጫ ገመዷን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ታንጠለጥልና በበሬና በላም፣ በሻጭና በገዥ መካከል ትዞራለች። ድርድር ሊያልቅ የተቃረበበትን ቦታ ከሩቅ ታውቀዋለች፤ በሬ የገዛ ሰው ገመድ መግዛቱ አይቀርምና፣ ሰዎቹ እጅ ሲማቱ እሷ አጠገባቸው ደርሳለች።

«አንች ሴትዮ፣ እግርሽ ሥር እሳት አለ እንዴ?» ይሏታል።

«ሊጥ ካላችሁ አምጡ፣ ልጋግርበት» ብላ ታልፋለች።

ባየን ያገኘችውም እዚያው ነው። ባየ የከብት ደላላ ነበር፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን ከዱላው ላይ ሰቅሎ የሚቆም፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። በሬ ሲቀርብለት ባለቤቱ የሚያወራውን አይሰማም። ሻጩ «ሲያርስ ቢውል የማይደክመው፣ ከልጄ ለይቼ የማላየው» እያለ ሲምል፣ ባየ የሚናገራት አንዲት ቃል ናት፤ «አራምደው።» በሬው ሲሄድ የኋላ እግሩን አጣጣል ያያል። ከሁሉ በላይ የሚያየው ግን ሲዞር ነው። «ቀጥ ብሎ መሄድማ ሁሉም ይሄዳል፤ የታመመው ሲዞር ነው የሚታወቅ» ይል ነበር።

ተጋቡ፣ ሥርጉት የምትባል ልጅ ወለዱ፣ ተለያዩ። ያለያያቸው ጠብ አልነበረም። ባየ ግንደወይን ገበያ ሄዶ ሲከስር ፋንታነሽ የምትሰማው ከሌላ ሰው ነው። ወንድሙ የሞተ ዕለት ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ተኛ፤ መርዶውን ጠዋት ጎረቤት ነገራት። «ለካስ ከግድግዳ ጋር ነው የተጋባሁ» አለችና ልጇን ይዛ ወጣች።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ባየ የሚኖረው እሷ ቤት ነው። ለረጅም ጊዜ ወገቤን ይዞኝ ነው ሲል የኖረው ሕመም ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ አጥንቱም ውስጥ ገብቷል። ሥርጉት ደብረ ማርቆስ በትዳር ላይ ናት፤ በስልክ ከማልቀስ በቀር ብዙ አልሆነላትም። ፋንታነሽ አንድ ጠዋት ጋሪ ይዛ ሄዳ የባየን አልጋ አስጫነች።

«የፈታሽውን ባል መልሰሽ አመጣሽ?» አሏት ጎረቤቶቿ።

«ኧረ ምን በወጣኝ! ያመጣሁትስ አልጋ ነው፤ እሱ ከላዩ ተኝቶ አገኘሁት።»

ለሕመሙ የሚሆነው መድኃኒት ያለው ሞጣ ነው። አንዲት የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ሞርፊን የሚሉትን መራራ ፈሳሽ በቡናማ ጠርሙስ ትሰጣለች። እንደ ሌላ መድኃኒት ማንም ሄዶ አይገዛውም። ማዘዣው ለብቻው ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆን አይሰጥም፤ የሚወስደው ሰው የታወቀ መሆን አለበት፤ ያለፈው ጠርሙስም ከነተረፈው ይመለሳል። ጠርሙሱን ተቀብላ የምትለካው መክሊት ናት፤ ከሆሳዕና ከተማ ተመድባ የመጣች፣ መነጽሯን በጣቷ እየገፋች የምትናገር ለጋ ፋርማሲስት።

የመጀመሪያው ቀን «ለታማሚው ምኑ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«የልጁ እናት።»

«ሚስቱ ማለት ነው?»

«ነበርሁ።»

«አሁንስ?»

ፋንታነሽ አሰበች። «አሁን እግሩ ነኝ» አለች። መክሊት ሳቀችና «አስታማሚ» ብላ ጻፈች።

መድኃኒቱ በየአራት ሰዓቱ በትንሿ መስፈሪያ እየተለካ ሲሰጠው ባየ ሰው ሆነ። በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥ፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን በሬ ዋጋ ይገምት ጀመር። እንዲህ ሆኖ ሁዳዴ ገባ።

የጾሙ ዋዜማ ዕለት ባየ ጠራት። «ፋንቴ፣ ከነገ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አይገባም።»

«መድኃኒቱስ?»

«እሱም።»

የንስሐ አባቱ አባ አካለ ወልድ መጥተው ተቆጡ። መድኃኒት ጾም አያፈርስም፣ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ሌላ ነው አሉ። ባየ ጉልበታቸውን ስሞ «እርስዎ ፈቅደውልኛል አባቴ፤ እኔ ነኝ ለራሴ ያልፈቀድሁ» አላቸው። እሳቸው ሲሄዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ስንቱን ጾም በየገበያው፣ በየመንገዱ ስበላ ኖርሁ። ለከርሞ እንደማልደርስ አንችም ታውቂያለሽ። ይችን አንዷን ልጹማት። ደሞ ለማንም እንዳታወሪ። የተወራ ጾም ገለባ ነው።»

ፋንታነሽ አላወራችም። እሱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥርሱን ነክሶ ሲጠብቅ፣ እሷ ግቢውን ስትጠርግ፣ የተጠረገውን ስትደግም፣ ጥላውን በዓይኗ ስትለካ ትውላለች። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ጠርሙሱ ገና ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ስጦታ እቅፍ አድርጋ ሞጣ ሄደች። እሷ ባደገችበት ቤት የሰው ነገር ተቀብሎ ሳያባክኑ መመለስ ጨዋነት ነው።

መክሊት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። «እናቴ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ተረፈ?»

ጾም ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። «አብቃቅተን ነው» አለች። እንዲያውም ትንሽ ኮራች።

«ሕመሙስ እንዴት ነው ይላሉ?»

«ተመስገን ነው የሚል።»

«ደስ ይላል!» አለች መክሊት፤ ከልቧ ነው ያለችው። ከመደርደሪያው ያወረደችው ግን የበፊቱን ግማሽ የሚያህል ጠርሙስ ነበር።

«ይችማ ትንሽ ናት ልጄ።»

«የሚጠቀሙትን ያህል ናት። ደንባችን ነው፤ የተረፈ ካለ የሚቀጥለው በዚያ ልክ ይቀነሳል። አምና ከአንድ ታማሚ ቤት የተረፈ ጠርሙስ ወጥቶ መንደር ውስጥ ተሸጠ። የጠጣው ልጅ ከሞት ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ ጠብታም ከቁጥር ውጭ አንሰጥም። ደግሞ ያለን መድኃኒት ለሁሉም አይበቃም፤ አዲስ የሚመጣው ከዋናው ከተማ መንገዱ ሲከፈት ነው።»

ነገሩ እውነት መሰላት። ተመስግና፣ ተቀንሶባት ተመለሰች፤ የቱ ላይ እንደተሳሳተች ግን አልገባትም።

ሕመሙ ደንብ አያውቅም። በጾሙ አጋማሽ ከወገቡ ወደ ጭኑ ወረደ። ባየ ጾሙን አልለቀቀም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትሰጠው መስፈሪያ ግን አልበቃ አለችው። ፋንታነሽ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ትጨምርለት ጀመር። አይጮህም፣ አያቃስትም። ጠዋት ጋቢውን ስታጣጥፍ ግን ጠርዙ በጥርስ ተበልቶ ክሩ ተመዝዞ ታገኘዋለች። ትንሿ ጠርሙስ ከቀኗ ቀድማ አለቀች። ስልክ ደወለች። መክሊት «ከቀኑ በፊት መስጠት አልችልም፤ ሐኪሙ ታማሚውን ራሳቸውን ካላያቸው አይሆንም» አለች። ደግሞ በዚያው ሰሞን የሞጣውም መንገድ ተዘጋ፤ ከቢቸና የሚወጣ መኪና ጠፋ። ፋንታነሽ በቀን ብዙ ጊዜ መናኸሪያ እየሄደች ባዶውን አስፋልት አይታ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከመናኸሪያ ስትመለስ ጓዴ የታማሚው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጓዴ የባየ የድለላ ባልደረባ ነው፤ በአፉ በሬ የሚሸጥ።

«አያ ባየ፣ ተነስ እንጂ! አንተ ከተኛህ ወዲህ አንካሳ በሬ እንደ ፈረስ እየተሸጠ ነው።»

ባየ ፈገግ አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ጓዴ ፋንታነሽን ወደ ደጅ ተከትሏት ወጣና ከኪሱ ክኒን አወጣ። «ትራማዶል ነው፤ ከባጃጅ ልጆች ያገኘሁት። ስጭው፣ ይተኛል።»

ተቀብላ አገላበጠችው። እጇ ውስጥ ቆየ። «ስንት ይዋጣል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እነሱ እስኪነሽጣቸው ነው የሚውጡት።»

ያ ከሞት ተመለሰ የተባለው ልጅ ትዝ አላት። ክኒኑን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «አንተም ጣለው።»

«እንግዲያ ሞጣዎቹን ምን ብታደርጊያቸው ነው የቀነሱብሽ?»

«ምን አደርጋቸዋለሁ? የተረፈውን በደንብ አድርጌ መለስሁላቸው እንጂ።»

ጓዴ አፉን ይዞ ቆመ። «ተረፈኝ ብለሽ አሳየሻቸው? ወይ ፋንታነሽ! ዕድሜሽን ገበያ ውለሽ! ሰው ፊት ትርፍ ይታያል? ድፊው ነበር እንጂ!»

«መድኃኒት ልድፋ?»

«ድፊና ባዶውን ውሰጅ። እነሱ ሆድ አያዩ፣ ጠርሙስ ነው የሚያዩ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል አለላት። ቆማ ቀረች። ዝምታቸው፣ ጨዋነታቸው፣ ተመስገናቸው፣ ሁሉም ተሰፍሮ ከባየ ላይ ተቀንሷል። ቢሆንም ጠርሙሱን ስትደፋ ራሷን ማየት አልቻለችም። ሌላውም ሰው እንዲሁ ጋቢውን እየነከሰ የሚጠብቀው መድኃኒት እኮ ነው።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ባየን ራሱን ይዛ ተነሳች። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት አስቀመጡት። መኪናው በዘለለ ቁጥር እሷ ትጮሃለች እንጂ እሱ አይጮህም። ግንደወይን ላይ የሚያውቀው ሰው በመስኮት «አያ ባየ፣ እንዴት ከረምህ?» ቢለው «ተመስገን፣ ዛሬማ ሽርሽር ወጥተናል» አለ። የፋንታነሽ እግር እስከ ሞጣ ድረስ የመኪናውን ወለል ሲደበድብ ነበር።

ክሊኒኩ ሲደርሱ መክሊት ወንበር አመጣችለትና ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ይንገሩኝ። ዜሮ ምንም የለም፤ አሥር የማይቻል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንችስ እንዴት ነሽ ልጄ? አገርሽ ሰላም ነው? እናት አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ቁጥሩን፣ አባባ።»

«አንች ስንት ትያለሽ?»

«እኔማ በምን አውቃለሁ?»

ባየ እንደ ድሮው አንገቱን አዘነበለ። «እንግዲያ ሁለት በይው።»

«ሁለት!» ፋንታነሽ ከግድግዳው ተነጥላ መጣች። «ሁለት ነው ጋቢ የሚያስበላህ? ልጄ፣ እየጾመ ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት መድኃኒቱን አይነካም። የተረፈው ለዚያ ነው።»

ባየ ቀና ብሎ አያት። «አታውሪ አላልሁሽም?»

«አወራሁ! ገለባ ይሁን!»

መክሊት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። እሷ ያደገችበት ቤት እንዲህ አይጾምም፤ ሐሳቡ አልመጣላትም ነበር። «ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጾም ይወራል እንዴ?»

«እሺ፤ መትረፉ ገባኝ። ግን መጨመር ሌላ ነገር ነው።» ወደ መደርደሪያው አመለከተች። ከባዶዎቹ መካከል ጥቂት ጠርሙሶች ብቻ ቆመዋል። «ይሄ ነው ያለኝ። ነገ ከግንደወይን አንዲት እናት ትመጣለች፤ ጡቷን የታመመች። ለሐኪማችን፣ ሕመማቸውን ሁለት ብለውኛል፣ ግን ጨምርላቸው ልለው አልችልም። ራሳቸው ካልተናገሩ ምን ይዤ ልግባ?»

ፋንታነሽ ባየን አየችው። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቃል ዛሬም ከዚያ አፍ አይወጣም። አብራው ስትኖር ያልወጣ፣ በሽታ ያላወጣው፣ አሁን ለዚች ልጅ ይወጣል? ከዚያ ትከሻዋ ላይ ገመድ ያለ ይመስል እጇን ወደዚያው ሰደደች።

«ልጄ፣ አትጠይቂው» አለች። «ይሄ ሰው የባለቤት ወሬ ሰምቶ ዋጋ ቆርጦ አያውቅም። አራምጂው።»

ባየ ቃሏን ሲሰማ ደነገጠ፤ ከዚያ ከንፈሩ ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅም ቁጣም ይመስላል። ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። «እሺ» አለ። «ልራመድላችሁ።»

አንካሳ በሬ እንዴት እንደሚደበቅ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በግድግዳው ጥግ፣ ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዱላውን በታመመው በኩል አድርጎ ሄደ። ቀጥ ብሎ ሄደ። መክሊት ግራ ገብቷት ፋንታነሽን አየቻት። ፋንታነሽ የሻሿን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ አስገብታ ጠበቀች። ምን አስደረግሁት፣ ገበያ እንደ ወጣ ከብት፣ በሰው ፊት፣ እያለች ትቃጠላለች፤ ይበቃል እንዳትል ደግሞ መድኃኒቱ አለ።

መስኮቱ ጋ ደረሰ። መመለስ አለበት። ግራ እግሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። እንደገና አነሳው። ትከሻው ብቻ ዞረ፤ ወገቡ አልተከተለውም። ዱላው ወለሉ ላይ ተንቀጠቀጠ። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ ቆመ፤ የሚታያቸው ጀርባው፣ በላብ የራሰው ኮቱ ብቻ ነበር።

«ፋንቴ» አለ፤ ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። «መዞር አቃተኝ።»

አቃተኝ ሲል ሰምታው አታውቅም። ሮጣ ደረሰችና በብብቱ ገብታ ያዘችው። መክሊትም በሌላው በኩል ያዘችው፤ ሁለቱ እንደ ከባድ ዕቃ ቀስ አድርገው አዞሩት። ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጡት የመክሊት ዓይን እንባ አቅርሯል። ማዘዣውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ሐኪሙም ወጥቶ አየው፤ ወገቡን በእጁ ነካ ነካ አድርጎ ፈረመ። መክሊት ትልቁን ጠርሙስ አወረደች፤ ግን ከግማሽ ትንሽ አሳልፋ ብቻ ሞላችው።

«መጠኑ ከበፊቱም ጨምሯል» አለች። «ግን የአንድ ሳምንት ነው። አዲስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት መስጠት አልችልም። በየሳምንቱ መምጣት አለብዎት እናቴ።»

በየሳምንቱ ማለት የገበያ ቀኗ ቀረ፣ ገመዱ ተቀምጦ አቧራ ጠጣ ማለት ነው። መንገዱም አለ፤ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ አይታወቅም። ፋንታነሽ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበች። «እግሬ ድሮም ሥራ ፈትቶ አያውቅ» አለች።

ባየ ጠርሙሱን እያየ ነበር። «ልጄ፣ የማንን ድርሻ ነው የወሰድሁ? የዚያችን የግንደወይኗን?»

መክሊት ተንበረከከችለት። «የራስዎን ነው። በየሰዓቱ ከጠጡት የእርስዎ ነው። ሳይጠጡት ከተቀመጠ ግን፣ አዎ፣ ያን ጊዜ የእሷ ነበር ማለት ነው።»

ባየ በድለላ ዘመኑ የሰው በሬ አስሮ ሳይሸጥ የዋለበት ቀን የለም፤ አስሮ ያስራበበት ቀን ግን አልነበረም፤ የሰው መድኃኒትም እንዲሁ አስሮ ማስቀመጥ አይሆንለትም። «እሺ» አለ በመጨረሻ። እሺ ሲል ደግሞ ቃሉ ቃል ነው፤ ከብት ተራ ያለ ሁሉ ይመሰክራል።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሙሉ ነበር። ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ከኋላቸው አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ባልቴት ዳዊት ይደግማሉ። ከሞጣ ብዙም ሳይርቁ ባየ ጉልበቷን ነካ አደረጋት።

«ፋንቴ።»

«ምን ሆንህ?»

«ከልይኝ።»

ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ነጠላዋን ዘርግታ በእሱና በሰዉ መካከል እንደ መጋረጃ ያዘችው። መኪናው እየዘለለ ጠርሙሱን ከፈተች፤ መስፈሪያዋን ሞላች፤ አንድም ጠብታ ሳይፈስ አጠጣችው። መራራነቱ ፊቱን አጨማደደው። የባልቴቷ ድምፅ ቆመ።

«ታሞ ነው ልጄ?» አሉ ከኋላ።

ፋንታነሽ ዝም ልትል ነበር። «አዎ እማማ፣ በጣም ታሟል» ያለው ባየ ራሱ ነው፤ ከነጠላው ሥር።

«ይማርህ። ይማርህ» አሉና ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ግንደወይን ሳይደርሱ ራሱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ገመድ በምታንጠለጥልበት ትከሻ ላይ። ተኛ። ነጠላውን ልትሰበስብ ፈለገች፣ ጠርሙሱ በደንብ መከደኑን ልታይ ፈለገች፣ ሳምንት መንገዱ ቢዘጋ በማን በኩል እንደምትሄድ ሾፌሩን ልትጠይቅ ፈለገች። እግሯ ወለሉን መምታት ጀመረ። ልታነቃው እንደሆነ አየችና ጉልበቷን በእጇ አጥብቃ ያዘችው፤ እስከ ቢቸናም አልለቀቀችውም።